የፈረስ የጨጓራ ቁስለት፦ በምን ይለያል? የትኛው ሕክምናስ ለየትኛው ፈረስ?

ኮርቻ ሊጫን ሲል ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል። የሆድ ማሰሪያው ሲጠብቅበት ዞሮ ሊነክስ ይቃጣዋል። ድርቆሹን ይበላል፣ እህሉን ግን ግማሽ ላይ ትቶት ዞር ይላል። «ጸባዩ ተበላሸ» ይባልና ልጓም ይቀየርለታል፣ አለንጋ ይጨመርለታል፣ አንዳንዴም ይሸጣል። እኔም በአንዲት ባዝራ ላይ ይህንኑ አድርጌያለሁ። እልኸኛ ናት እያልኩ ወራት ሙሉ ስታገላት ኖሬ፣ በመጨረሻ ጨጓራዋ በካሜራ ሲታይ ላይኛው ክፍል ቆስሎ አገኘነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

ቁስለት ነው ከተባለ በኋላ ደግሞ ምክሩ ይጎርፋል። አንዱ አሲድ የሚቀንሰውን መድኃኒት፣ ኦሜፕራዞልን፣ ስጪው ይላል፣ ሌላው አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ይበቃዋል ይላል፣ ሦስተኛው በባልዲ የሚሸጥ ዱቄት ያመጣል፣ አራተኛው ለሰው የሚታዘዘውን የጨጓራ ሽሮፕ ይመክራል። ሁሉም «ሞክሬው ሠርቶልኛል» ይላሉ። ሁሉም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የፈረስ የጨጓራ ቁስለት አንድ በሽታ አይደለማ፤ ሁለት ነው። ለአንዱ ፍቱን የሆነው ለሌላው ብዙም ላይፈይድ ይችላል። ቁስሉ ላይኛው የጨጓራ ክፍል ላይ ነው ወይስ ታችኛው? ቀሪው ምርጫ ሁሉ የሚንጠለጠለው በዚህ ጥያቄ ላይ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

አንድ ጨጓራ፣ ሁለት በሽታ

የፈረስ ጨጓራ ከአካሉ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው። የተፈጠረው ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እየጋጠ ለሚውል እንስሳ ነው። መስክ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ከ24 ሰዓት ውስጥ 16 ሰዓት ያህሉን ሲግጥ ያሳልፋል። ስለዚህ ጨጓራው አሲድ ማመንጨቱን አያቋርጥም፤ በላም አልበላም ይፈሳል። አሲዱን የሚያበርደው ምራቅ ግን የሚመጣው ሲያላምጥ ብቻ ነው። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ጋጣ ውስጥ ዘግተን ጠዋትና ማታ ብቻ ስናበላው፣ በመሃል ባሉት ረጅም ሰዓታት አሲዱ ያለ ምራቅና ያለ ሣር ባዶ ጨጓራ ውስጥ ይጠራቀማል።

ላይኛው ክፍል፣ የጨጓራው ሲሶ ገደማ፣ ውስጡ እንደ ምግብ ቧንቧ ነው። ከአሲድ የሚከልለው ልባጥ የለውም ማለት ይቻላል። ጨጓራው በሣር ሲሞላ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ከላይ ተንሳፍፎ አሲዱ ወደ ላይ እንዳይረጭ ይይዘዋል። ባዶ ሆኖ ፈረሱ ሲጋልብ ግን የሆድ ጡንቻው ጨጓራውን ይጨምቀውና አሲዱ ወደ ላይ ይገፋል፣ ያልተከለለውን ሥጋ ያቃጥለዋል። የላይኛው ቁስለት ባጭሩ ይኸው ነው፦ አሲድ የማይገባው ቦታ ገባ።

ታችኛው ክፍል አሲዱን የሚያመነጨው ራሱ ነው። ዕድሜ ልኩን አሲድ ውስጥ ስለሚኖር በዝልግልግ ንፍጥና አሲድ በሚያበርድ ባይካርቦኔት ራሱን ይከልላል። እዚያ ሲቆስል ጥያቄው «ከለላው ለምን ከዳው?» የሚለው ነው። ምክንያቱ ገና ሙሉ በሙሉ ባይፈታም፣ ጭንቀት፣ በሳምንት ውስጥ ያለ በቂ ዕረፍት መሥራት እና እንደ ፌኒልቡታዞንና ፍሉኒክሲን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች በብዛት ሲሰጡ ከለላውን እንደሚያዳክሙ ይታሰባል። ሰው ላይ ቁስለት የሚያመጣው የሄሊኮባክተር ተህዋስ በፈረስ ላይ ምክንያት መሆኑ አልተረጋገጠም። ስለዚህ ለሰው እንደሚደረገው አንቲባዮቲክ መስጠት ልክ አይደለም።

የአውሮፓ የፈረስ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቶች በ2015 ባወጡት የጋራ አቋም ሁለቱ በሽታዎች በስምም በሕክምናም ተለይተው እንዲታዩ አሳስበዋል። በሥልጠና ላይ ካሉ የእሽቅድምድም ፈረሶች አብዛኞቹ፣ በአንዳንድ ጥናቶች ከአስር ዘጠኙ፣ ላይኛው ክፍል ላይ ቁስለት ይገኝባቸዋል። ለመዝናኛ ብቻ የሚጋለቡትም ነፃ አይደሉም።

ምልክቶቹ፣ እና ምልክት የሚመስሉት

እውነቱን ለመናገር ይህን በሽታ ብቻውን የሚያረጋግጥ አንድም ምልክት የለም። ብዙዎቹ ፈረሶች ምንም አያሳዩም። የሚያሳዩትም ቢሆን ምልክታቸው ከሌላ ችግር ጋር ይመሳሰላል። ይህም ሆኖ የሚከተሉት ሁለት ሦስቱ አንድ ላይ ሲታዩ መጠርጠር ተገቢ ነው፦ እህል መተው ወይም ቀስ ብሎ እያረፉ መብላት፣ ክብደት መቀነስ፣ የጸጉር ወዝ ማጣት፣ ከበላ በኋላ የሚመጣና የሚሄድ ቀለል ያለ ቁርጠት፣ የሥራ ፍላጎት መጥፋት፣ እግር ለመዘርጋት አለመፈለግ፣ ሆድና ጎን ሲነካ መቆጣት፣ ጥርስ ማፋጨት፣ ያለ ወትሮው መረበሽ።

እህልን ትቶ ድርቆሽን መምረጥ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የምሰጠው ነው። የሆድ ማሰሪያ ሲጠብቅ መቆጣት ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ልክ ያልሆነ ኮርቻም፣ የታመመ ጀርባም፣ የፊት እግር ሕመምም ያንኑ ያደርጋሉ። ለከሳ ፈረስም ቁስለት ከማለታችን በፊት ጥርሱ መታየት አለበት፣ የሆድ ትላትልም መመርመር አለበት።

በውርንጭላ ላይ መልኩ ይለያል። ጥርስ ማፋጨት፣ ለሃጭ ማዝረክረክ፣ ጡት ጀምሮ ማቋረጥ፣ ተቅማጥ፣ በጀርባ ተንጋሎ መተኛት። እነዚህን የሚያሳይ ውርንጭላ ለነገ አይባልም። የውርንጭላ ጨጓራ ሊበሳ ይችላል፣ ከተበሳም ማትረፍ እጅግ ከባድ ነው።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ሰዎች ፋንድያው ውስጥ ደም ይፈልጋሉ፣ ካጡ ይረጋጋሉ። በትልቅ ፈረስ የጨጓራ ቁስለት ደም ፋንድያ ላይ መታየቱ በጣም ብርቅ ነው። ፋንድያው ጤነኛ ስለመሰለ ጨጓራው ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም።

ፈረሱ የሚንከባለል፣ የሚያልበው፣ መሬት የሚቧጥጥ፣ ሆዱን ደጋግሞ የሚያይ ወይም ፋንድያ ያቆመ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ተዉት። ወዲያውኑ ሐኪም ጥሩ። ያ የአንጀት ቁርጠት ሊሆን ይችላል፣ ሰዓት አይሰጥም።

በምን መስፈርት እንመዝን?

ሕክምናዎቹን የምመዝንባቸው አምስት ጥያቄዎች አሉኝ። የሚሠራው ለየትኛው የጨጓራ ክፍል ነው? በፈረስ ላይ የተደረገ ማስረጃ አለው ወይስ ከሰው የተወሰደ ነው? በቀን ስንት ጊዜ ይሰጣል፣ ማንስ ይሰጠዋል? ወጪው ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ እንዴት ነው? ጉዳት ቢያመጣ ምን ያመጣል?

ሦስተኛውን አትናቁት። በወረቀት ላይ ጥሩ የሆነ መድኃኒት በቀን ሦስት ጊዜ በባዶ ሆድ ስጡ ካለና የሚሰጠው ሰው ሥራ ውሎ ማታ የሚመለስ ከሆነ፣ ያ መድኃኒት ለዚያ ቤት አይሆንም።

የመጀመሪያው ምርጫ፦ በምን እናረጋግጥ?

ጋስትሮስኮፒ፣ ማለትም በአፍንጫ በኩል ካሜራ አስገብቶ ጨጓራን ማየት፣ ቁስሉን ከነቦታው የሚያሳይ ብቸኛው መንገድ ነው። ለትልቅ ፈረስ 3 ሜትር ገደማ የሚረዝም መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ያ መሣሪያ ሁሉ ቦታ የለም። ፈረሱ ከምርመራው በፊት ከ12 እስከ 16 ሰዓት ምግብ ይከለከላል፣ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሰዓታት ውሃም ይነሳለታል፣ ከዚያ የሚያፈዝ መርፌ ተወግቶ ቆሞ ይታያል። የላይኛው ክፍል ቁስለት ከ0 እስከ 4 ደረጃ ይሰጠዋል፦ 0 ጤነኛ ነው፣ 4 ደግሞ ሰፊና ጥልቅ ቁስል ነው። የታችኛው ግን በቁጥር አይለካም። ቦታውና መልኩ፣ የቀላ ነው፣ የደማ ነው ወይስ ያበጠ የሚለው በቃል ይገለጻል። ሐኪሙ ጨጓራውን አልፎ መውጫው አካባቢ ድረስ ማየቱን ጠይቁ። የታችኛው ክፍል ቁስል ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው፣ ጨጓራው በደንብ ካልጸዳም ያመልጣል።

ሁለተኛው መንገድ የሙከራ ሕክምና ነው። ካሜራ ከሌለ ሐኪሙ ኦሜፕራዞል አዝዞ ለውጥ መኖሩን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ያያል። ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን ፈረሱ ካልተሻለው ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ ቁስለት አልነበረም፣ ወይ የታችኛው ክፍል ቁስለት ነው። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የአንድ ወር መድኃኒት አልቋል። ከተሻለውም በዚያው ሰሞን ዕረፍትና ድርቆሽ ስለጨመርንለት ሊሆን ይችላል። ካሜራው ያለበት ቦታ መድረስ ከተቻለ በአጠቃላይ ሲታሰብ የሚረክሰው ካሜራው ነው፤ ይህን የምለው በሁለቱም መንገድ አልፌ ነው።

የደምና የፋንድያ ምርመራዎች አጭር መልስ አላቸው። ቁስለትን አያረጋግጡም፣ ከጥርጣሬም አያወጡም። ሌላ በሽታ ለመለየት ከሆነ ግን ይጠቅማሉ።

ሁለተኛው ምርጫ፦ በምን እናክም?

*አመጋገብና አያያዝ።* ይህን ከመድኃኒት በፊት ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። ድርቆሽ የሌለው ፈረስ ኦሜፕራዞል ሲውጥ ቢከርም፣ መድኃኒቱ በቆመ በቀናት ውስጥ ቁስሉ ሊመለስ ይችላል።

ዋናው ቁጥር ይህ ነው፦ በቀን ቢያንስ ከክብደቱ 1.5 በመቶ የሚሆን ሻካራ መኖ፣ በደረቅ ክብደት። 500 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ 7.5 ኪሎ ነው፤ ድርቆሹ ውስጥ ያለው እርጥበት ሲታከልበት ከስምንት ኪሎ ተኩል የማያንስ ድርቆሽ ማለት ነው። በቀን ውስጥ ከስድስት ሰዓት በላይ ያለ ድርቆሽ አይቆይ። ቶሎ የሚጨርስ ከሆነ ቀዳዳው ጠበብ ባለ መረብ ስጡት፣ ብዙ ያላምጣል፣ ብዙ ምራቅ ይመጣል። ገለባ ብቻውን ድርቆሽን አይተካም። ሻካራ መኖው ገለባ ብቻ የሆነ ፈረስ ላይ ቁስለት በብዛት ተገኝቷል። ውሃም ሁልጊዜ ፊቱ ይኑር።

እህል ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። የስታርች፣ ማለትም እህል ውስጥ በብዛት ያለው ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር፣ ልኩ በአንድ ኪሎ የፈረሱ ክብደት በቀን ከ2 ግራም፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ ከ1 ግራም በታች ቢሆን ይመከራል። ይህም ለ500 ኪሎ ፈረስ በአንድ ጊዜ 500 ግራም ስታርች ነው፣ በአጃ ሲሰላ 1.2 ኪሎ ገደማ። ገብስና በቆሎ ከአጃ የበለጠ ስታርች ስላላቸው ልኩ ከዚያም ያንሳል። ጉልበት ከፈለገ የአትክልት ዘይት ቀስ በቀስ እየለመደ መጨመር ይቻላል።

አልፋልፋ ካልሲየምና ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ስለሆነ አሲዱን ያበርዳል። ለላይኛው ክፍል የሚጠቅም መሆኑን ያሳዩ ጥናቶች አሉ። በደቃቁ የተከተፈ አልፋልፋ ግን ጡት በጣሉ ውርንጭሎች ላይ የጨጓራ መውጫ አካባቢ ቁስል ማባባሱ ታይቷል፤ ስለዚህ ረዥሙን ብትመርጡ ይሻላል። ከግልቢያ በፊት ሁለት እፍኝ ያህል ድርቆሽ ወይም አልፋልፋ አብሉት። በባዶ ጨጓራ አትጋልቡት። «ሆዱ ሞልቶ አይሠራም» የሚለው ልማድ ብዙ እህል ለበላ ፈረስ ይሠራ ይሆናል፣ ለትንሽ ሣር ግን አይሠራም።

ለታችኛው ክፍል ከምግቡ በላይ የሥራው ቀን ይመዘናል። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሙሉ የዕረፍት ቀን ስጡት። ብቻውን የታሰረ፣ ጓደኛው የተወሰደበት፣ በየጊዜው ቦታ የሚቀያየር ፈረስ ይጨነቃል። ሌላ ፈረስ እያየ እንዲውል ማድረግ ብቻውን ለውጥ ያመጣል።

*ኦሜፕራዞል፣ በአፍ።* በፈረስ ላይ ከሁሉ የበለጠ የተጠናው መድኃኒት ነው። አሲድ የሚያመነጩትን ሴሎች ፓምፕ ይዘጋል። የተለመደው የሕክምና መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት 4 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንዴ፣ ለ28 ቀን ነው። ለ500 ኪሎ ፈረስ 2 ግራም ማለት ነው። ለመከላከል 1 ሚሊ ግራም በኪሎ ይሰጣል። በላይኛው ክፍል ቁስለት ከአስር ፈረስ ሰባት ስምንቱን ያድናል። በታችኛው ግን ብቻውን ሲሰጥ በአንድ ወር የሚድኑት ከአራት አንድ ገደማ ናቸው። ይህን ልዩነት አስቡት! «ኦሜፕራዞል አይሠራም» እና «ኦሜፕራዞል ተአምር ነው» የሚሉት ሁለት ሰዎች የሚከራከሩት ስለ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ነው።

አሰጣጡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሙሉ ሌሊት ድርቆሽ ሲበላ ላደረ ፈረስ ጠዋት ከመኖ ጋር ደባልቆ መስጠት መድኃኒቱን ማባከን ነው። ሌሊቱ ሊነጋ ሲል የቀረው መኖ አልቆ ጥቂት ሰዓት ይቆይ፣ በባዶ ሆዱ ይሰጠው፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይጠበቅ፣ ከዚያ ድርቆሹ ይምጣ። ይህ ከላይ ካልኩት ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ ግን አይጋጭም። ለመድኃኒቱ ሲባል ሌሊት ላይ ሆን ተብሎ የሚተው አንድ ክፍተት ነው፣ በቀን ግን ክፍተት አይኖርም።

ሌላው ጥንቃቄ የምርቱ ዓይነት ነው። ኦሜፕራዞል አሲድ ሲነካው ይፈርሳል። ስለዚህ ወይ አሲድ በማይበግረው ሽፋን የተሸፈነ፣ ወይ አሲድ ከሚያበርድ ነገር ጋር የተቀመመ መሆን አለበት። የሰው እንክብል ፈልፍሎ እህል ላይ መነስነስ ገንዘብ መድፋት ነው። በየመድኃኒት ቤቱ በእጅ የሚቀመሙ ፈሳሾችም ሲመረመሩ ብዙዎቹ የተባለውን መጠን አልያዙም፣ ወይም ቶሎ ይበላሻሉ። ፈቃድ ያለው፣ ለፈረስ የተሠራ ምርት ይሻላል።

*ኦሜፕራዞል፣ በመርፌ።* ጡንቻ ላይ ተወግቶ ቀስ እያለ የሚለቅ፣ በሳምንት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ አንዴ የሚደገም ዓይነት አለ። ከምግብ ጋር ስለማይጋጭ ባዶ ሆድ አይጠይቅም። አፉን የማያስነካ ፈረስና ጠዋት ጊዜ የሌለው ሰው ይገላገሉበታል። በታችኛው ክፍልም በአፍ ከሚሰጠው የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ጉድለቱ በሁሉም አገር አለመገኘቱ፣ መወደዱ፣ አልፎ አልፎም የተወጋው ቦታ ማበጡ ነው።

*ሱክራልፌት።* አሲድ አይቀንስም። ቁስሉ ላይ ተለጥፎ ይሸፍነዋል። ለታችኛው ክፍል ከኦሜፕራዞል ጋር ተጣምሮ ይሰጣል፣ በኪሎ 12 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለቴ። ለ500 ኪሎ ፈረስ በአንድ ጊዜ ስድስት ባለ 1 ግራም ክኒን ነው። ሌሎች መድኃኒቶችን አብሮ ሊይዝ ስለሚችል ከኦሜፕራዞሉ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ይሰጥ። ብቻውን ለላይኛው ክፍል አልመክረውም።

*ሚሶፕሮስቶል።* የታችኛውን ክፍል ከለላ ራሱን የሚያጠናክር ነው። መጠኑ በኪሎ 5 ማይክሮ ግራም፣ በቀን ሁለቴ። ከኦሜፕራዞልና ሱክራልፌት ጥምረት የተሻለ ሆኖ የተገኘበት ጥናት አለ። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀላል። አንድ ነገር ግን ጮክ ብዬ ልናገር፦ ይህ መድኃኒት ጽንስ ያስወርዳል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት አትንካው፣ ክኒኑንም አትፍጨው። ሌላውም ሰው ጓንት ያድርግ። እርጉዝ ለሆነች ባዝራ አይሰጥም። ጋጣው ውስጥ ብዙ ሰው የሚረዳዳበት ቦታ ከሆነ፣ ማን እንደሚሰጠው ሳይወሰን አይጀመር።

*ራኒቲዲንና ሲሜቲዲን።* የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው። ራኒቲዲን በኪሎ 6.6 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ መሰጠት አለበት፣ ሌሊትም ጭምር ማለት ነው። ይህም ሆኖ ከኦሜፕራዞል ያንሳል። በ2020 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ካንሰር ያመጣል ተብሎ በሚጠረጠር ቆሻሻ ምክንያት ለሰው የሚሸጠውን ከገበያ አስወጥቷል። ሲሜቲዲን በፈረስ ላይ ደካማ ነው። ሁለቱንም እዘላቸዋለሁ።

*አሲድ አብራጅ ሽሮፕና ዱቄት።* አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ያለባቸው። ይሠራሉ፣ ግን ሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ። ለማዳን በቀን ስንት ጊዜ መስጠት እንደሚያስፈልግ አስሉት፤ አይሆንም። ለጊዜው ሊያስታግሱ ይችላሉ፣ አደጋቸውም እዚያው ነው፦ ቁስሉ እያለ ምልክቱን ይሸፍናሉ።

*በባልዲ የሚሸጡ ማሟያዎች።* የፔክቲንና ሌሲቲን ድብልቅ፣ ዕፅዋት፣ እርሾ ያለባቸው ብዙ ዓይነት አሉ። የጥናቶቹ ውጤት ወጥ አይደለም፤ አንዱ ሲጠቅም ሌላው ለውጥ አላሳየም። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ከጥሩ አመጋገብ ጋር ማስከተል አይከፋም። ለቆሰለ ጨጓራ ግን በመድኃኒት ፈንታ አትስጡ። ገንዘቡ አንዱን ብቻ የሚበቃ ከሆነ ባልዲውን ትታችሁ ድርቆሽ ግዙበት።

ጠቅለል ሲደረግ

| አማራጭ | ለላይኛው ክፍል | ለታችኛው ክፍል | አሰጣጥ | ወጪ | ዋናው ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|---|
| አመጋገብና ዕረፍት | በጣም ይጠቅማል | ይጠቅማል፣ በተለይ የዕረፍት ቀን | ዘወትር | ዝቅተኛ | ለከባድ ቁስል ብቻውን አይበቃም |
| ኦሜፕራዞል በአፍ | የመጀመሪያ ምርጫ | ብቻውን ደካማ | በቀን 1 ጊዜ፣ ባዶ ሆድ | ከፍተኛ | የምርቱ ጥራት፣ ሲቆም የአሲድ መመለስ |
| ኦሜፕራዞል በመርፌ | በጣም ጥሩ | ከአፉ የተሻለ | በሳምንት 1 ጊዜ ገደማ | ከፍተኛ | የተወጋ ቦታ ማበጥ |
| ኦሜፕራዞል ከሱክራልፌት ጋር | ሱክራልፌቱ ትርፍ ነው | ጥሩ አማራጭ | በቀን 2 ጊዜ | ከፍተኛ | ከሌላ መድኃኒት ማራራቅ |
| ሚሶፕሮስቶል | ምርጫ አይደለም | ጥሩ አማራጭ | በቀን 2 ጊዜ | መካከለኛ | ጽንስ ያስወርዳል |
| ራኒቲዲን | ደካማ | ደካማ | በቀን 3 ጊዜ | መካከለኛ | ጥቅሙ ከድካሙ ያንሳል |
| አሲድ አብራጅ | ለሰዓታት ብቻ | ለሰዓታት ብቻ | በቀን ብዙ ጊዜ | ዝቅተኛ | ምልክት ይሸፍናል |
| ማሟያዎች | ያልተረጋገጠ | ያልተረጋገጠ | ከመኖ ጋር | ይለያያል | ሕክምናን ያዘገያል |

የእናንተ ፈረስ የትኛው ነው?

ካሜራ ማግኘት የምትችሉ ከሆነ ሌላ ነገር ሳትገዙ መጀመሪያ እሱን አድርጉ። ላይኛው ክፍል ብቻ ከቆሰለ ኦሜፕራዞል ለ28 ቀን ከአመጋገብ ለውጥ ጋር ይበቃል። ታችኛው ከሆነ ወይም ሁለቱም ከሆኑ ከሐኪሙ ጋር ሆናችሁ ከጥምረቱ፣ ከመርፌውና ከሚሶፕሮስቶሉ አንዱን ምረጡ፤ ትዕግሥትም ያዙ፣ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።

ካሜራ በአካባቢው ከሌለ፣ መጠኑና ቀኑ በሐኪም የተወሰነ የሙከራ ሕክምና ሁለተኛው መንገድ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉ፦ እህሉን በስንት ደቂቃ ይጨርሳል፣ ክብደቱ ስንት ነው፣ ኮርቻ ሲጫን ምን ያደርጋል። በየሳምንቱ ደግማችሁ ጻፉት። ያለዚያ «የተሻለው ይመስለኛል» በሚል ወር ያልፋል።

ገንዘቡ አጥብቦ ከያዛችሁ አትሸማቀቁ። ምልክቱ ቀላል ከሆነና ፈረሱ እየበላ ከሆነ እህሉን ቀንሱ፣ ድርቆሹን አብዙ፣ መስክ ላይ የሚውልበትን ሰዓት ጨምሩ፣ ሥራውን ለጥቂት ሳምንታት አቅሉለት። ቀለል ያለ የላይኛው ክፍል ቁስል በዚህ ብቻ ሊሽር ይችላል። በሁለት ሦስት ሳምንት ለውጥ ከሌለ ወይም ከከሳ ግን ያጠራቀማችሁትን ለምርመራው አውጡት።

ለውድድር የሚዘጋጅ ፈረስ ካላችሁ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የውድድሩን የመድኃኒት ደንብ ጠይቁ። አንዳንዱ ስፖርት የቁስለት መድኃኒትን ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ከውድድሩ ቀናት በፊት እንዲቆም ያዛል።

በሌላ ሕመም ምክንያት ፌኒልቡታዞን የሚወስድ ፈረስ ከሆነ «ለጥንቃቄ» ብላችሁ ኦሜፕራዞል በራሳችሁ አትደርቡ። ጥምረቱ ጨጓራውን ቢከላከልም የአንጀት ችግር ያስከተለበት ጥናት አለ። የማስታገሻው መጠን ይቀነስ ወይም ይቀየር እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ውርንጭላ ከሆነ ደግሞ ምንም ነገር ያለ ሐኪም አትስጡ፤ የታመመ ውርንጭላ አሲዱ ሲጠፋ ለተቅማጥ ይጋለጣል።

መድኃኒቱ የሚያልቅበት ሳምንት የራሱ ጣጣ አለው። ኦሜፕራዞል ድንገት ሲቆም ጨጓራው እንደተካሰ ሁሉ አሲድ አብዝቶ ሊያመነጭ ይችላል። ለዚህ ብዙ ሐኪሞች መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ። ከተቻለ መድኃኒቱ ሳይቆም ካሜራው ይደገም፣ በተለይ ታችኛው ክፍል ታሞ ከነበረ፤ እዚያ የፈረሱ ሁኔታ ተሻሽሎ ቁስሉ ግን ሳይሽር የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በመቀነሻው ሰሞን አዲስ እህል አትጀምሩ፣ ረጅም ጉዞም አትውሰዱት።

ካሜራው ጨጓራው መዳኑን አሳይቶ ፈረሱ አሁንም ኮርቻ ሲያይ ጆሮውን የሚለጥፍ ከሆነ ሌላ ዙር መድኃኒት አትግዙ። ኮርቻውን አውርዱት፣ ጀርባውን ከአንገቱ ሥር እስከ ወገቡ በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ዳብሱ፣ የሚሸሽበትን ቦታ ያዙና ለሐኪሙ አሳዩ።